በግቢው ጥግ የተቀበረው

ሆሳዕና፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለዕንባቆም፣

በጀርባዬ አዝዬህ ስትተኛብኝ የጠበቀህ ጌታ፣ እዚያ ባሕር ማዶም ከአጠገብህ አይለይ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ዋለ ደህና ነው፤ የፈተና ወረቀት ማረሙን ይዞ ያጉረመርማል እንጂ ሌላ ሕመም የለበትም።

«ድምፅ አትላኪ፣ ጻፊልኝ» ባልከኝ መሠረት ይኸው በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። እውነትህን ነው። ያለፈውን ድምፅህን ሱቅ ውስጥ ስከፍተው ለካ ደላላው ጠና ክር ሊገዛ ገብቶ ቆሟል። «እስከዚህ ድረስ እከፍላለሁ» ስትል ሰማህ። በማግስቱ ያሳየኝ ቤት ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ዋጋው ልክ እዚያው ላይ ሆኖ ጠበቀኝ! ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ።

አሁን ግን እልል በል፤ ቤት አግኝቼልሃለሁ! ያውም ያለ ጠና፣ ያለ ማንም ደላላ። ጎፈር ሜዳ ነው፤ ባለ ሰባ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ማድ ቤቱ ለብቻው፣ ደጁ ላይ የማይደርቅ አቦካዶ ያለበት። ድሮ የእርሻ ቦታ ነበር፤ ከተማው ራሱ እየሄደ መጥቶ ደረሰበት። ባለቤቱ አቶ ሕዝቅኤል ይባላል። እናቱ ባለፈው የካቲት ወደ ጌታ ሄደዋል። ልጆቻቸው ሸጠው ሊካፈሉ ነው፤ ሕዝቅኤልም የራሱ ልጆች ወዳሉበት ሀዋሳ ሊገባ ነው። ሚስቱ ብርቅዬ የጸሎት ጓደኛዬ ናት፤ «ለማላውቀው ሰው ከሚሆን ላንቺ ሰው ይሁን» ብላ ቀድማ ነገረችኝ። ፎቶዎቹን ተመልከታቸው። እኔ ግቢውን ሳየው አንተ አቦካዶው ሥር ቁጭ ብለህ ታየኸኝ።

ለመስቀል እመጣለሁ ያልከውን አልረሳሁም። የመስቀል በዓላችንን ያሆዴን በራስህ ቤት ታከብራለህ!

እህትህ እልፍነሽ


ፖርት ኤልዛቤት፣ ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእልፍነሽ፣

የጌታ ሰላም ለአንቺም ለጋሽ ዋለም ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ሱቁ ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። እዚህ ደንበኛውን የምናየው በብረት መሀል ነው፤ ለዚህ ይሆናል ሰው ማመን የቀነሰብኝ።

ፎቶዎቹን አይቻለሁ። ቤቱ ጥሩ ነው። ጥሩ መሆኑ ራሱ ያስፈራኛል። የዳምቦያውን ቦታ ታስታውሻለሽ። ግዙልኝ ብዬ ብሩን የላክሁላቸው አጎታችን «ሰላምና ጤና ይብዛልህ» ብለው ነበር ደብዳቤ የሚጀምሩልኝ። ቦታው ለሦስት ሰው ተሸጦ፣ የሦስታችንም ውል ማዘጋጃ ቤት ተገናኘ። የስድስት ዓመት ድካሜ እዚያ ቀረ። ሁለተኛ ጊዜ የሚሆን ጉልበት የለኝም፤ ይህ ያለኝ ሁሉ ነው።

ስለዚህ አትቀየሚኝ፣ እጠይቅሻለሁ። ካርታው በማን ስም ነው? እናትየው ከሞቱ ወራሾቹ ስንት ናቸው፣ ሁሉስ ይፈርማሉ? ባንክ የያዘው፣ ፍርድ ቤት ያገደው ነገር የለም? በከተማው ፕላን መንገድ ያልፍበታል? ጎረቤት ወሰን ገፍቶ አልገባም? ውሃና መብራቱስ የራሱ ቆጣሪ አለው? ደግሞ ደላላ የሌለበት ቤት እንዴት ይገኛል? ደላላ ከሌለ የደላላውን ድርሻ የሚወስደው ማነው?

አንድ የመጨረሻ ነገር። በሦስተኛው ፎቶ ላይ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ የግቢው ጥግ ላይ አፈሩ አዲስ ነው። ከፍ ብሎ ተቆልሎ ድንጋይ ተደርድሮበታል። ምንድነው?

ወንድምሽ ዕንባቆም


ሆሳዕና፣ ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዕንባቆም፣ ለጠያቂው!

ሰሎሞን ጥበብን እንደለመነ አንተ ደግሞ ጥያቄ ለምነህ የተሰጠህ ትመስላለህ። ሰላም ይብዛልህ። የዘገየሁት ለጥያቄህ መልስ ፍለጋ ስዞር ነው፤ አንዱ መልስ እስከ ዱራሜ ወሰደኝ።

ካርታው በእናትየው ስም ነው፤ ይህን አልደብቅህም። ልጆቹ ግን የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስት ናቸው፤ ሕዝቅኤል፣ ሀዋሳ ያለው ታናሹ፣ እና ዱራሜ ያገባችው አዜብ። ማዘጋጃ ቤት ሄጄ እዳና እገዳ አስጣርቻለሁ፤ ንጹሕ ነው። ፕላኑንም ጠየቅሁ። ባለሙያው ልጅ ካርታ ዘርግቶ በጣቱ ሲያሳየኝ ምንም አልገባኝም፤ «በአማርኛ ንገረኝ» ብለው «መንገዱ ከጎረቤትዎ ይወስዳል እንጂ ከናንተ አይወስድም» አለኝ። ለጎረቤቱ አዘንኩ፤ ላንተ ደስ አለኝ። መብራቱ የራሱ ቆጣሪ አለው። ውሃውም አለው፤ የሚመጣው ግን ሲፈልግ ነው፤ ይህ የቤቱ ጥፋት ሳይሆን የሆሳዕና ጠባይ ነው። የደላላውን ድርሻ ማን ይወስዳል ላልከው፣ ማንም! እኔ የምወስደው አቦካዶ ነው፤ እሱንም ፈቅደህልኝ።

ሀዋሳ ያለው እሺ ብሏል፤ የቀረችው አዜብ ነበረች። በስልክ «አልፈርምም» ብላ ዘጋችባቸው። መናኸሪያ ሄድኩ። ረዳቱ «ዱራሜ ዱራሜ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። ሮጬ ገባሁ፤ ለካ ውስጥ ያለነው ጠቅላላ ሁለት ሰው ነን! እስኪሞላ ሙሉ የዮሐንስ ወንጌል ይነበባል።

አዜብ በር ላይ አቆመችኝ።

«ደላላ ነሽ?»

«የገዢው የአጎት ልጅ ነኝ።»

«ገዢው የት አለ?»

«ደቡብ አፍሪካ።»

«እንግዲያው ግቢውን ቆልፎ ሣር ሊያበቅልበት ነዋ! እናቴ የደከመችበትን!»

«አይቆልፈውም» አልኳት። «መጥቶ የሚገባበት ነው።»

አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። አንድ ብቻ፤ እንዳንተ አሥር አይደለም። የመለስኩላትን ስትሰማ እጄን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝ፤ ምሳ በላሁ፤ «እፈርማለሁ» አለች። የጠየቀችኝን ለመስቀል ስትመጣ አጫውትሃለሁ።

አሁን የቀረው ያንተ ውክልና ነው። ኤምባሲ ሄደህ አሠርተህ ላክልኝ። ሕዝቅኤል ጨዋ ሰው ስለሆነ ቀብድ ሳይቀበል እየጠበቀን ነው፤ ሰው ሲጠብቅህ ደግሞ ደስ አይልም?

እህትህ እልፍነሽ


ፖርት ኤልዛቤት፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእልፍነሽ፣

ሰላም ላንቺና ለቤትሽ ይሁን። ስለ ድካምሽ አመሰግናለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ረዳቱ ጽፈሻል፤ ስለ አቦካዶም ጽፈሻል። ስለ ጥጉ አንዲት ቃል የለም።

እኔ ልጅ ሆኜ ብወጣም የአገሬን ነገር አልረሳሁም። ገጠር የነበረ ግቢ ነው ብለሻል። በገጠራችን ሰው ሲሞት ጓሮው ይቀበራል። እናትየው የካቲት ላይ ሞቱ ብለሻል። አፈሩ አዲስ ነው፤ ድንጋይ ተደርድሮበታል። ልጅቱ አልፈርምም ብላ ነበር፤ አንቺ አንድ ነገር ስትነግሪያት ፈረመች፤ የነገርሻትን ግን ለእኔ አትነግሪኝም።

እልፍነሽ፣ መቃብር ያለበትን ግቢ ልትገዢልኝ ነው? እዚያ ጥግ ላይ እኔ ፎቅ ልሠራ ነው የማስበው። በየዓመቱ የሰው ዘመድ እያለቀሰ በሬን ሲያንኳኳ ልኖር ነው? ዋጋው ደህና የሆነው ለዚህ ነው?

ከበሩ ጀምረሽ ዙሪያውን በቪዲዮ ቅጂልኝ። ሳታቋርጪ።

ዕንባቆም


ሆሳዕና፣ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዕንባቆም፣

ሰላም ይብዛልህ፤ እንቅልፍም ይብዛልህ፤ የተኛህ አትመስልም።

እማማ የተቀበሩት በቤተ ክርስቲያኑ መካነ መቃብር ነው። እኔ ራሴ ቆሜ ዘምሬአለሁ፤ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በአንድ እግሬ ነው የዘመርኩት፤ ምስክር ከፈለግህ መላው መዘምራን አለ። ስለዚህ መቃብር የሚለውን ከልብህ አውጣው።

ቪዲዮውን ልኬልሃለሁ። ጥጉ ጋ ስደርስ ስልኩ ወደ አቦካዶው ዞሮብኛል፤ ፍሬው አምሮኝ ነው። ስለዚያ ጥግ ግን ተወኝ። የሴት ጉዳይ ነው። ቤቱን አይጎዳም፣ ፎቅህንም አይከለክልም። እስከ መስቀል ታገሥ፤ ከዚያ በኋላ እኔን የሚጠይቀኝ ሰው አይኖርም።

ውክልናው ወዴት ደረሰ? ሕዝቅኤል ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «እልፍነሽ፣ ሰውየሽ ደህና ነው?» አለኝ። ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚጠይቀው፤ ስለ ጤናህ ግን አልነበረም።

እህትህ እልፍነሽ


ፖርት ኤልዛቤት፣ ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእልፍነሽ፣

ሰላም ለሁላችሁ። የዘገየሁት ኤምባሲው ሥራ ስለበዛበት ነው። ወረፋ ነው።

ቪዲዮውን አየሁ። ዙሪያው ሁሉ በደንብ ይታያል፤ ጥጉ ላይ ስትደርሺ ሰማይ አሳየሽኝ። የሴት ጉዳይ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ የምገዛው የወንዱን ግማሽ ብቻ ነው?

አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅሽ። ብርቅዬ ለምን ቀድማ ላንቺ ነገረችሽ? በመካከላችሁ የተስማማችሁት ነገር አለ?

ዕንባቆም


ሆሳዕና፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዕንባቆም፣

ሰላምታዬን አልነፍግህም፤ ሰላም የሚወድ አምላክ ያየኛል። ሰላም ላንተ ይሁን።

ቅዳሜ እለት እኔና ብርቅዬ ከአንዲት ጎረቤት ጋር ጥጉ ላይ በጉዳያችን ተቀምጠናል። በሩ ተንኳኳ። ጫማው የሚያብረቀርቅ ጎልማሳ ከባጃጅ ወርዶ ገባ።

«ቤቱ ይሸጣል ሲባል ሰምቼ ነው።»

«ይኸው ቤቱ» አለችው ብርቅዬ። «ግባና እይ።»

እሱ ሳሎን አላየ፣ ጣሪያ አላየ፤ በቀጥታ ወደኛ! ቤት የሚገዛ ሰው ጣሪያውን ትቶ ጥግ ያያል?

«ቁም!» አልኩት። «ወንድ እዚህ አይደርስም!»

«ለምን? ምንድነው የሚሸተው?»

«አፍንጫህ ነው» አለችው ብርቅዬ።

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ሊያነሳ ሲል በያዘችው ነገር ጀርባውን አቀመሰችው። ሮጦ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ያኔ ስልኩ ጮኸ። ድንጋጤው ድምፅ ማጉያውን አስከፍቶት ኖሮ፣ ከውስጥ «አጵሎስ፣ አየኸው?» የሚል ሰው ሰማሁ።

ዕንባቆም፣ ያን ድምፅ እኔ ጥርስ ሳያበቅል ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሌሊት ሲያለቅስ ያባበልኩት እኔ ነኝ። አልሳሳትም።

ብርቅዬ «ማነው?» ስትለኝ «እንጃ» አልኳት። ባንተ ምክንያት ለጸሎት ጓደኛዬ ዋሸሁ። ቤት ገብቼ ለዋለ ስነግረው እስክሪብቶውን አስቀምጦ «የዳምቦያው ነገር ነው፤ ልጁ አልዳነም» አለኝ። አዝኜልሃለሁ። ግን ተቀይሜሃለሁም። ሁለቱም በአንድ ሆድ ይገባሉ።

ይህን ስማ። አንድ ነጋዴ ቀብድ ይዞ ሁለቴ መጥቷል። ሕዝቅኤል መልሶታል፤ ስለ እኔ ስም ብሎ። ኤምባሲው ወረፋ ነው ያልከኝን አምኜ «ወረፋ ነው» ብዬ ነግሬዋለሁ። አሁን ወረፋው ልብህ ውስጥ መሆኑን አውቄአለሁ። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ውክልናው ካልደረሰ ቤቱ ለነጋዴው ይሄዳል፤ እኔም በጎፈር ሜዳ በኩል ማለፍ አቆማለሁ።

ስለ ጥጉ ደግሞ፣ ልነግርህ ከጀለኝና ተውኩት። በግድ የሚወጣ ነገር አይጣፍጥም። ትገዛለህ፣ ወይም ትተዋለህ።

እልፍነሽ


ፖርት ኤልዛቤት፣ ሐምሌ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእልፍነሽ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልሽ።

አጵሎስን የላክሁት እኔ ነኝ። የጓደኛዬ ወንድም ነው፤ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ነው፤ ለሥራ ነው ሆሳዕና የመጣው። «የሆነ ነገር ከፍተው መልሰው ይሸፍናሉ፤ ኃይለኛ ሽታ አለው፤ ሦስት ሴቶች ይጠብቁታል» አለኝ። አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታስቢያለሽ?

ያንን ያዘልሽኝን ጀርባ አልረሳሁም። አጎታችንም ግን ትከሻቸው ላይ ይሸከሙኝ ነበር።

ውክልናውን ትናንት አሠርቼ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ። ከእሱ ጋር የጻፍኩት አንድ ቃል አለ። ውሉ ውስጥ እንዳለ ይግባ፤ ካልገባ አልገዛም፦ «በግቢው ወሰን ውስጥ ከመሬት በታች የተቀበረ፣ የተከደነ ወይም የተሸሸገ ማንኛውም ነገር ሙሉ በሙሉ የገዢው ንብረት ይሆናል።» የሰው አስከሬን ከተገኘ ደግሞ ውሉ ይፍረስ።

ይህን ሻጮቹ ፊት ስታነቢ ፊታቸውን እይልኝ። የደነገጠውን ንገሪኝ።

ዕንባቆም


ሆሳዕና፣ ነሐሴ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለ ቤቱ፣ ለባለ ግቢው፣ ለአቦካዶው ጌታ ለዕንባቆም፣

ያንተን ልብ ያራራ አምላክ የተመሰገነ ይሁን! ቤቱ ያንተ ነው። ትናንት ተፈራረምን፤ ስም ማዛወሩም ተጀምሯል። አሁን ቁጭ በልና ፊታቸውን ልንገርህ።

ሦስቱም ወራሾች መጡ፤ አዜብ ከዱራሜ፣ ታናሽየው ከሀዋሳ። ብርቅዬም ከባሏ ጎን ተቀመጠች። የቢሮው ጸሐፊ ውሉን ማንበብ ጀመረ። ካርታው፣ ስፋቱ፣ ወሰኑ፣ ሁሉ ሰላም። ያንተ ቃል ጋ ደረሰ። «ከመሬት በታች የተቀበረ፣ የተከደነ ወይም የተሸሸገ...»

መጀመሪያ የደነገጠችው ብርቅዬ ናት። ከወንበሯ ተነሳች። «ምን? እኔ የፋቅሁትን? ወገቤ የተቆረጠበትን?»

ሕዝቅኤል ፊቱን በባርኔጣው ሸፍኖ መሳቅ ጀመረ። ጸሐፊው መነጽሩን አወለቀ። «ምንድነው የተቀበረው?»

«ቆጮ!» አለች አዜብ። «የእናቴ ቆጮ ነው!»

አዎ ወንድሜ። ቆጮ።

እማማ የተከሏቸው እንሰቶች ደርሰው ጓሮው ውስጥ ቆመው ነበር። ብርቅዬ «የእማማን እንሰት ለባዕድ ትቼ አልሄድም፣ ቆርጬ እጥለዋለሁ» አለች። እኔ ደግሞ «አትቁረጪው፤ አብረን እንፋቀው፤ እንዲብላላ እዚሁ እንቅበረው፤ ወንድሜ ለመስቀል ሲመጣ እኩል እንካፈላለን» አልኳት። አሥራ አራት ዓመት ያሆዴን በዳቦ ያከበረ ሰው፣ በራሱ ግቢ የበሰለ ቆጮ ሲያገኝ ፊቱን ልየው ብዬ ነው። ለዚህ ነበር አፌን የያዝኩት። አሁን ግን ያን ፊት አላየውም፤ በወረቀት ነገርኩህ።

አዜብ ዱራሜ ላይ የጠየቀችኝ ይህንኑ ነበር። «የእናቴን እንሰት ማን ይበላዋል?» አለችኝ። «የሚናፍቀው ሰው» አልኳት። ለዚህ ነው የፈረመችው።

አጵሎስ የመጣ ቀን ቆጮው የተጠቀለለበትን ኮባ፣ የእንሰቱን ቅጠል፣ እየቀየርን ነበር። ጀርባውን ያገኘውም ያው አሮጌ ኮባ ነው፤ አይጎዳም። አዲስ አበባ ስላደገ ሽታውን አላወቀም፤ በእሱ አልፈርድም። አንተ ግን እናትህ እንሰት ስትፍቅ፣ ጉድጓድ ስትከፍት፣ አንተም ከጓሮ ስትባረር ያደግህ ልጅ! «ሂድ፣ ወንድ ሲያየው ይበላሻል» ብላ ስታሳድድህ እኔ አጥር ላይ ሆኜ እስቅ ነበር። ድንጋይ ተደርድሮ ስታይ እንዴት መቃብር ብቻ ታየህ? የብረቱ ፍርግርግ ነው አልኩ ለራሴ። በብረት መሀል ብዙ የቆመ ሰው ምግቡ ሬሳ ይመስለዋል።

ብርቅዬ ግን ማልቀስ ጀመረች። «ውል ውል ነው፤ ጻፉት፤ ይውሰደው» አለች። ጸሐፊው «ይሰረዝ?» አለኝ። የላክኸው ወረቀት «ካልገባ አልገዛም» ይላል። ስለዚህ አላሰረዝኩትም፤ እንዳለ ገባ፤ ሁሉም ፈረሙበት። ከዚያ ውጭ ወጥተን፣ በሰው ፊት፣ ግማሹ የብርቅዬ ነው ብዬ በአፌ ቃል ገባሁ። ከእሷም ድርሻ ለአዜብ ይሄዳል። ውክልናህ ይህን እንድናገር አይፈቅድልኝም፤ አውቃለሁ። ካላመንከኝ ክሰሰኝ፤ አድራሻዬን ታውቀዋለህ።

እንግዲህ ለመስቀል ና። የሴቶቹ የቅቤ እቁብ ደርሶኛል፤ ቡላውም ለብቻው ተቀምጧል። ጉድጓዱ በዋዜማው ይከፈታል። ያን ጊዜ አንተ ከአጥሩ ውጭ ትቆማለህ፤ ዋለም እዚያው አጠገብህ ይቆማል፤ ነግሬዋለሁ። ውሉ ከመሬት በታች ያለው ሁሉ የዕንባቆም ነው ይላል። ዕንባቆም ወደ ጥጉ ይጠጋል ግን አይልም። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

እህትህ እልፍነሽ